መቶ አስራ ሁለት ደረጃ

ሟቿ የተገኘችው መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ብርድ ልብሱ ከጉልበቷ አልወረደም፤ ኩባያዋ ግን ተጨልጧል። ፊት ለፊቷ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የጉዞ መጽሔቶች ተዘርግተዋል፦ ቫሌንሲያ፣ ፋሮ፣ ሊዝበን። ሁለቱ በእርሳስ ተሰርዘዋል፤ ሊዝበን ብቻ ንጹሕ ነው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ምርመራውን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት።

«ሐኪሙ የልብ መድኃኒቷ ከልክ በላይ ነው ይላል፤ ቢያንስ ሠላሳ ክኒን። ሎሚና ማሩን ያፈላችው ታናሽ እህቷ ናት። ክኒኑን የምታድለውም እሷው። ምን ቀረን?»

«ማሰብ ቀረን» አለችው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ነፍታ ገለባውን ስለምታስቀር። ስሙን አትወደውም፤ ግን ተለጥፎባት ቀርቷል። አለቃዋ በስልክ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሰጧት። ከዚያ በኋላ ታናሽ እህት ትታሰራለች።

ታናሽ እህትየዋን ያገኘቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የታጠበ ሳህን እንደገና እያጠበች ነበር።

«ክኒኑ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚሁ መደርደሪያ ላይ። እሁድ የሳምንቱን ስደለድል ስምንት ተርፎ ነበር። ይኸው፣ አሁንም ስምንት ነው። እትዬን ስምንት ዓመት አስታመምኳት እኮ! ከዚያች አልጋ እስከዚያ ወንበር በእኔ ትከሻ ነው የምትሄደው። ፎቁን ከረገጠችው ስንት ዘመኗ!»

«ኩባያውን ማን ሰጣት?»

«ጋሼ ናቸው። ‹እኔ እሰጣታለሁ፣ አንቺ ረፍት አድርጊ› ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ።»

ባልየው ግን ሌላ ነው ያለው። የመሬት ቀያሽ ነው፤ ረጅም፣ ጥንቁቅ፣ ቃሉን እንደ ሜትር የሚለካ ሰው።

«ኩባያውን በእጄ አልነካሁትም። ልጅቱ ናት የሰጠቻት። እኛ ቦታ ስንመርጥ አመሸን። የሁልጊዜ ደንባችን ነው፤ እኔ ሦስት ቦታ አመጣለሁ፣ እሷ ሁለቱን ትሰርዛለች። ሊዝበንን መረጠች። ምስኪን፣ ደስ ብሏት ነበር።»

«ሁልጊዜ ደቡብ አውሮፓ?»

«ሁልጊዜ። ያውም ጸደይ ሲገባ። ሙቀቱ ሲበረታ ልቧ አይችለውም።»

«ያለፉትን ዓመታት ወረቀት አስቀምጠዋል?»

ጠየቀችኝ ብሎ ደስ ሳይለው አልቀረም። አንድ አረንጓዴ ማኅደር አወጣላት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ጉዞ በተራ በተራ ተሰክቷል። በየመጽሔቱ ጥግ በደቃቅ ጽሕፈቱ ቁጥር ሰፍሯል፦ «0»፣ «0»፣ «2፣ መደገፊያ አለው»፣ «0»። ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሊዝበን መጽሔት ገለበጠች። ጥጉ ላይ «112» ይላል። ወደ ቦታው መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጉዞ ወኪሏ ቢሮ ሄደች። ሴትዮዋ የሟቿ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

«ባሏ በየዓመቱ መጠየቅ አያልቅበትም ነበር። መግቢያው ስንት ደረጃ አለው? ሊፍቱ ይሠራል ወይ? ዘንድሮ ግን ‹ከፍ ያለ፣ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ› ብቻ አለኝ። ደረጃውን እኔው ነኝ የነገርኩት።»

«የሊዝበኑን ቤት መቼ ያዘው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ለሁለት ሰው። ‹አንዳችን ብንቀርስ?› ብሎም ጠይቆኛል። አሟት ይሆናል ብዬ...»

ከቢሮው ማዶ ፋርማሲ አለ። ኢንስፔክተሯ እግረ መንገዷን ጎራ አለችና መዝገቡን አስገለጠች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ቀያሹ፣ ታናሽ እህት፣ ወኪሏ፣ ፋርማሲስቱ። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል። ባዶውን ወንበር ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም።

«ልጅቱ ክኒን ጨመረች እንበል» ስትል ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ከየት አምጥታ? እሷ ዘንድ ያለው ብልቃጥ አልጎደለም። ፋርማሲስቱ በመዝገባቸው አመሳክረውታል። ታዲያ ሠላሳው ከየት መጣ?»

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታው ከሁለት ሳምንት በፊት የሁለት ወር ወስደዋል። ‹ለጉዞ ነው› ብለውኝ።»

«እውነቴን ነው፣ ለጉዞ ነው» አለ ቀያሹ።

«መልካም። ለጉዞዋ መድኃኒት ገዝተዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ መቶ አስራ ሁለት ደረጃ ያለው፣ ሊፍት የሌለው ቤት ያዙ። ከአልጋ እስከ ወንበር ያለችውን ስድስት እርምጃ በሰው ትከሻ ለምትሄድ ሴት።»

«ደረጃውን ልብ አላልኩትም!»

«እርስዎ? ዳገት እየለኩ ነው እኮ እንጀራዎን የሚበሉት።» መጽሔቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «በእጅዎ ጽፈውታል። አሥራ አንድ ዓመት ለእሷ ሲሉ ቆጥረዋል፤ ዘንድሮ እሷ እንደማትሄድ እያወቁ እንኳ እጅዎ ልማዱን አልተወም። ‹ሊዝበንን መረጠች› ያሉኝም ውሸት ነው። ቤቱ ከተያዘ ሦስት ሳምንቱ ነው። ደግሞስ አንዴ ብታየው መጀመሪያ የምትሰርዘው ይህንኑ አልነበረም? ሁለቱን የሰረዙት እርስዎ ነዎት። የምትሄደው እሷ ካልሆነች መድኃኒቱ የታሰበው ለጉዞ አይደለም። ሳጅን፣ ጠዋት ያገኘኸውን አሳያቸው።»

ሳጅኑ ባዶ የክኒን ብልቃጥ አወጣ። «ከቅየሳ መሣሪያቸው ሳጥን፣ ከስፖንጁ ሥር» አለ፤ ልጅቱን ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ነበር።

ቀያሹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

«አሥራ አንድ ዓመት ምድር ቤት! ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ በመስኮት የማየው የመኪና ጎማ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ሆኜ ቁልቁል ማየት አማረኝ። ትቻት ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔስ ብታሰር ሰው ምን ይላል አላሉም?» አለች ታናሽ እህት። ድምጿ አልጮኸም። ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «አንድ ነገር ደብቄ ነበር፣ ጋሼ። ኢንስፔክተሯ ሲጠይቁኝም አልተናገርኩም። ከሰሙት ልብዎ ይሰበራል ብዬ አዘንኩልዎ።»

«ምኑን?»

«እትዬ ዘንድሮ አልሄድም ብላ ቆርጣ ነበር። ‹ብቻውን ይሂድ፣ ደስ ያለው ቦታ ይውጣ፤ በእኔ የተነሣ ስንት ዓመት ታሰረ› አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ልትነግርዎ ነበር። ‹ሎሚዬን ልጠጣና እነግረዋለሁ› ብላኝ ነበር።»