የወይዘሮ እጸገነት እንግዳ

ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። ኢንስፔክተር ሐናን ከደጃፉ እንዳየችው ባለችበት ቆመች። የወሎ ሰው ናት፤ አባቷ ሲሞት አጠገቡ ነበረች፤ ሙስሊም ሲያርፍ ፊቱ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ እንደሚዞር የሚነግራት አያሻትም። የሟቹ ስም ግን ወልደአማኑኤል ነው ተብላለች።

ክፍሉ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የወይዘሮ እጸገነት ሰርቪስ ቤት ነው። ሰውየው ከመንግሥት የምስክሮች ጥበቃ ቢሮ የተላከላቸው ምስክር ነበር። ከሰሊጥ ጆንያ ሥር ተደብቆ የገባ የጦር መሣሪያ ሲራገፍ ያየ ሹፌር ነው፤ ችሎት ሊቀርብ ጥቂት ሲቀረው ሞተ። የቢሮው አሠራር ብልጥ ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ዐቃቤ ሕጉ አታክልቲ ቤቱን አያውቅም፤ ቤቱን የሚያውቁት ደግሞ የውሸት ስሙን ብቻ ያውቃሉ። ብልጠቱ ሰውየውን አላተረፈውም። አሁን ግቢው በፖሊስ ተሞልቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከአልጋው አጠገብ ግማሹ የተበላ ጥብስ ነበር። ፌስታሉ ላይ ጨረቃና ኮከብ ታትሞበታል፤ የመጣው ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተረፉት የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ከአንዱ ነው። ትራሱ በውኃ ርሷል፤ የፀበል ጀሪካን መሬት ላይ ወድቋል። ሐናን ስለ አስከሬኑ አቀማመጥ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መጀመሪያ የግቢውን ጥበቃ መገርሳን ጠራችው።

«ጥብሱን ማን አመጣው?»

«ሞተረኛ ነው። ‹ለእንግዳው› ብሎኝ ሄደ። እትዬ ያዘዙለት መስሎኝ አስገባሁለት። እሳቸው ለቅሶ ሄደው ነበር።»

«ሥጋ ይወድ ነበር?»

«ኧረ አይነካም! ለፋሲካ ቁርጥ ገዝቼ ብጠራው ጨጓራዬን ያመኛል አለኝ። ያን ቀን ሲበላ ሳየው እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ተሻለው ብዬ።» ወደ ጀሪካኑ ጠቆመ። «ሲንፈራገጥ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ፀበል ረጨሁት። ቄስ ልጠራ ስሮጥ ነው ያለፈው።»

ሁለተኛዋ ዮርዲ ናት፤ ለምስክሮቹ የሚያስፈልገውን የምታደርስ የጥበቃ ቢሮው ሠራተኛ። ስታወራ ዐይኗ ከስልኳ አይነሳም።

«ማለቴ፣ እኔ የማውቀው ወልደአማኑኤል የሚባል ሰውዬ ነው። በቃ። ፕሮቶኮሉ እንደዛ ነው።»

«ሃይማኖቱስ?»

«ኦርቶዶክስ ነዋ! በዚህ ስም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ወይዘሮ እጸገነትን ሐናን ያገኘቻቸው በማግስቱ ነው። ከግቢው ቧንቧ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም።

«ዛሬም ሊነጋጋ ሲል ውኃው ሲንዠቀዠቅ ሰማሁ፣ ልጄ። ወጥቼ ባይ ቧንቧው ደረቅ ነው።»

«ድሮ ማን ነበር በዚያ ሰዓት የሚታጠብ?»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ነከሱ። «እኔ እንጃ። ክርስቲያን ነበር፤ ሌላ አላውቅም» አሉ፣ ሳይጠየቁ።

አታክልቲ ያን ቀን ቢሮዋ ድረስ መጣ። «የሟቹ እህትም ምስክር ናት» አላት። «አሳልፎ የሰጠውን ካላወቅን እሷን የምናሳድርበት ቤት የለንም። ትሞትብናለች።» ሐናን ፈራች፤ ፍርሃቷንም አልደበቀችውም።

መርዙ ጥብሱ ውስጥ እንደነበር ምርመራው ሲያረጋግጥ ሐናን አታክልቲን ጨምራ ሁሉንም ወይዘሮ እጸገነት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሥጋውን የላከ ሰው ቤቱን ያውቃል» ስትል ጀመረች። «እንግዳው የሚበላው የእስላም ሥጋ ብቻ መሆኑንም ያውቃል።»

«ሙስሊም ነበር እንዴ?» አለ መገርሳ፣ አፉን ከፍቶ።

«ነበር። አንተ አላወቅህም። የሚያውቅ ሰው ትራሱ እስኪርስ ፀበል አይረጭም፣ ቄስ ፍለጋም አይሮጥም። አስከሬኑን ግን አንድ ሰው ወደ ቂብላ አዙሮታል።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ፣ ከለቅሶ ሲመለሱ። ሊነጋጋ ሲል ለሶላት ሲታጠብ ይሰሙት ነበር፤ እኔን ግን ሳልጠይቅዎት ‹ክርስቲያን ነበር› አሉኝ። ገዳይ ቢሆኑ ኖሮ ማወቅዎን እንዲህ አያሳዩም ነበር። የማላውቀው፣ ለማን እንደነገሩ ነው።»

ወይዘሮ እጸገነት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«በረመዳን ነው ያወቅሁት። ምሳውን አስቀምጦ ማታ ሲበላው አየሁ። ዝም አልሁ፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁ። ዓረፋ ሲደርስ ግን አንጀቴ እንቢ አለኝ። ሰው በበዓሉ ሽሮ ይብላ? እኔ ከእስላም ሥጋ ቤት ስገዛ ሰፈሩ ያየኛል ብዬ...»

«ማንን ላኩ?»

«ይቺን ልጅ።»

ሁሉም ዮርዲን አየ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የመሣሪያው ባለቤቶች ወንድሜን ይዘውብኛል» አለች። «‹ከምትጠብቋቸው ሙስሊሙ የትኛው ነው?› ነበር ጥያቄያቸው። አላውቅም እያልኳቸው ከረምኩ። እውነቴን ነበር! እትዬ እስኪልኩኝ ድረስ እውነቴን ነበር። ሥጋውን እኔው ገዝቼ ለእነዚያ ሰዎች ሰጠኋቸው። የጨመሩበትን ጨምረው ላኩለት።»

«ወንድምሽን ለቀቁልሽ?»

ዮርዲ ራሷን ነቀነቀች። አልለቀቁትም።

ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ ወይዘሮ እጸገነት የሐናንን እጅ ያዙ።

«እኔ ነኛ የገደልኩት?»

ሐናን አይደሉም ማለት ሐሰት መሰላት። «ስለሚወዱት ነው ያደረጉት» አለቻቸው።

አታክልቲ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው። ሕጉ አፉን ይዞት የከረመ ሰው፣ ያን ሰዓት አላስቻለውም።

«እትዬ፣ ‹ወልዴ› እያሉ ሲያለቅሱለት ሰማሁ። እህቱ በዚህ ስም አትጠራውም። ስሙ እኮ...»

አሮጊቷ ተፈናጥረው ተነሡና አፉን በመዳፋቸው ከደኑት።

«አትንገረኝ! እህት አለችው ብለሃል። እኔ ማንነቱን በማወቄ አንዱን ጨርሻለሁ፤ እሷ ትኑር።»

ወይዘሮ እጸገነት ተመልሰው ተቀመጡና ስም ሳይጠሩ አለቀሱ።