የተነቀለው ገመድ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ይለፈው... እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ስቄበት እነሳ ነበር።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፕሎቭዲቭ ከተማ ቢሮዬ ተቀምጬ ከምሳ የተረፈች ባኒጻ፣ አይብ ያለባት የእኛ አገር ቂጣ፣ እበላለሁ።

ኦግንያን እባላለሁ። ኮምፒውተር እምቢ ያላቸውን ሰዎች ከሩቅ ሆኜ እረዳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁበት። እውነቱን ልናገር?

ደንበኞቼን እንቃቸዋለሁ። ሶኬቱን ሳይሰኩ "ተበላሸብኝ" ብለው የሚያለቅሱ ናቸው።

ከሁሉም የምንቃት ግን ወይዘሮ ዝላትካን ነበር።

ዝላትካ የአንዲት የተራራ ከተማ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ሊናድ ደርሶ ሕንጻው ተዘግቷል። እሷ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ቤቷ ሆና፣ እዚያ የቀረውን ኮምፒውተር በርቀት ታዝዘዋለች። ግንኙነቱ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይቋረጥባታል።

ስትደውልልኝ ይህ ስድስተኛ ጊዜዋ ነው።

"ልጄ፣ ሌላ ሰው ገብቷል ይለኛል።"

"ማንም አልገባም። እርስዎ የማይነካ ነክተው ነው።"

ላሳፍራት ብዬ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። አዲሱን ለእሷም አልነገርኳትም። ራሴ ገባሁና ባኒጻዬን እያላመጥኩ ጠበቅሁ።

ዘጠኝ ተኩል ሲል... ተባረርኩ።

"ሌላ ተጠቃሚ ስለገባ ግንኙነትዎ ተቋርጧል።"

ተመልሼ ገባሁና የኮምፒውተሩን የመግቢያ መዝገብ አየሁ። ሰውየው የገባው ከሩቅ አይደለም። እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በራሱ በቁልፍ ሰሌዳው ነው።

ከሩቅ ሆኖ መዝገቡን ያታለለ ሌባ ነው አልኩ። ሄዳ የኔትወርክ ገመዱን እንድትነቅለው ነገርኳት። ደረጃው በስብሷል፣ ብቻዬን እፈራለሁ አለች።

"ገመድ መንቀል ካቃትዎ ጡረታ ይውጡ፣ ወይዘሮ ዝላትካ።"

ከዚያ የበር ቁልፎች መንኳኳት ተሰማኝ።

ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ዝናቡ ይሰማኛል... በሩ... ደረጃው...

"ማንም የለም" አለች በሹክሹክታ። "አቧራው ላይ ዱካ እንኳ የለም።"

"ገመዱን ይንቀሉት።"

"ነቀልኩት። እጄ ላይ ነው።"

ከኮምፒውተሩ ጋር ያለኝ ግንኙነት ግን አልተቋረጠም።

ሌላ ገመድ ነቅላ ነው ብዬ ተሳደብኩ፤ በሆዴ። ስህተቷን ላሳያት የኮምፒውተሩን ካሜራ ከፈትኩ።

ክፍሉ ታየኝ። ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ የተዘጋው በር።

እሷ የለችም።

"የት ነው የቆሙት?"

"ኮምፒውተሩ ፊት።"

"እጅዎን ያወዛውዙ።"

"እያወዛወዝኩ ነው እኮ፣ ልጄ..."

ያን ጊዜ ካሜራው ውስጥ በሩ ተከፈተ።

አንዲት ሴት ገባች። አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት፣ ወደ ኋላ የታሰረ ሽበት። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ከደንበኛዬ ስም አጠገብ ፎቶዋ በየቀኑ ይታየኛል።

ዝላትካ ናት።

ስልኩ ውስጥ ግን ዝላትካ ትንፋሿን ውጣ፣ "ኦግንያን... በሩን ማን ከፈተው?" አለችኝ።

"ይውጡ" አልኳት። ድምፄ የእኔ አይመስልም። "ገመዱን ይጣሉትና ይውጡ።"

ሩጫ ሰማሁ። ጣውላ ተሰበረ። ጮኸች... ከዚያ ዝናብ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ።

መንገድ ላይ ነኝ አለች። ጉልበቷ ደምቷል። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደንበኛ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ታለቅሳለች።

እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ገመድ አነሳች። ጫፉን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ትጠብቃለች...

"ወይዘሮ ዝላትካ... እርስዎ ነዎት?" አልኩ፤ በስልኩ ሳይሆን፣ ወደ ስክሪኑ።

ገመዱን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቀጥታ ወደ እኔ ተመለከተች።

ከዚያ አገጯን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ ወደ ላይ ቀና አደረገች። እዚህ አገር ሰው "አይደለሁም" ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።