የጋለ ብረት ፍርድ

ንጉሡ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጭቃውን ገና ሳያራግፍ፣ የከተማይቱ አንጥረኛ ሚስቱን በዝሙት ከሰሰ፤ ማስረጃው ሳቅ ነበር። ከጎረቤታቸው ከአናጢው ጋር በአጥር ላይ ስትሳሳቅ ሰማ፤ ከእሱ ጋር እንዲያ ስቃ አታውቅም። ከዚያች ቀን ወዲህ እህል አልዋጥልህ አለው።

ዳኛው ነገሩን መርምረው ከሚደክሙ ለብረት ሰጡት፤ የዘመኑ ሕግ ስንፍናን ጥበብ ብሎ የሚጠራ ሕግ ነበርና። ተከሳሽ ቅባት ተቀብታ እንዳይሆን እጇን ትታጠባለች፤ ሳታደርቅም መዳፏን በጋለ ብረት ላይ ለቅጽበት አሳርፋ ታነሣለች፤ ከተቃጠለች ጥፋተኛ ናት፤ ከቤቷም ከልጆቿም ትነጠላለች። ሌላ አንጥረኛ ስላልነበረ ብረቱን የሚያግለው ከሳሹ ራሱ ሆነ፤ ይህንንም ነውር ያለ አልተገኘም።

ባልየው ወናፉን አናፋ። ብረቱ ቀላ፤ አልበቃውም። ቢጫ ሆነ፤ አሁንም አልበቃውም፤ ነጭ እስኪሆን አናፋው።

«አንተ ሰው፣» አለችው ሚስቱ፣ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ፣ «ለእኔ ብለህ እንዲህ ተግተህ ሠርተህ አታውቅም።»

ሸንጎው ሳቀ። አናጢውም ሳቀ፤ ባልየውን ያንገበገበው የእሱ ሳቅ ነው።

መዳፏን አሳርፋ አነሣች፤ ቆዳዋ እንደ ነበረ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ስለ ነበር ውሃው ገና ሲቀርበው እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱም በእጇና በብረቱ መካከል እንደ ስስ ምንጣፍ ተነጠፈ። አንጥረኛው የውሃ ጠብታ በነጣ ብረት ላይ ሳትደርቅ ስትንከባለል ዕድሜውን ሁሉ አይቷል፤ ቅናት የያዘው ሰው ግን ያየውን አያይም።

«ብረቱ በርዷል፣ ጌታዬ፣» አለ ባልየው።

«ከበረደማ አንተም ንካው፣» አሉት ዳኛው።

ሚስቱ በታጠበችበት ሳህን እጁን ነክሮ መዳፉን ጫነ። ብረቱ ግን ሸንጎው ሲከራከር ቆይቶ ጠቁሮ ነበር፤ ያን ምንጣፍ የሚያነጥፍ ግለት አልቀረውም። ቆዳው ብረቱ ላይ ቀረ። ሚስቱ ዞር ብላ ሳታየው ልጆቿን ይዛ ሄደች።

በዓመቱ አንዲት ልብስ አጣቢ በስርቆት ተከሰሰች፤ ንጹሕ ነበረች። አንጥረኛው የራሱን ጠባሳ እያየ አዘነላት፤ ብረቱን ሳይነጣ አወጣላት። ተቃጠለች፤ ተፈረደባትም።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሁለቱንም መዘገበ፤ ስለ አንጥረኛው ሚስት «እውነት ከእሳት በለጠች» አለ፤ ስለ አጣቢዋ «ሌባይቱ ታወቀች» አለ። የመጀመሪያዋን የባሏ ክፋት እንዳዳናት፣ ሁለተኛዋን የዚያው ሰው ርኅራኄ እንዳጠፋት ግን አንድ መስመር አልጻፈም፤ ዛሬም ድረስ ሊቃውንቱ የዚያን ዘመን ፍርድ ትክክለኛነት የሚያስረዱት እነዚህን ሁለት ሴቶች ጠቅሰው ነው።