አለሁ ባይዋ ዝም ስትል

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ በሹክሹክታ ትሞላለች። በአውቶቡስ ወንበር ላይ፣ በትምህርት ቤት አጥር ጥግ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ወጣቶች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ጥቂት ቆይተው ፊታቸው ይፈታና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የበርጫ፣ የጫት መቃሚያው፣ ሰዓት ድሮ እንዴት ያልፍ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ተመስገን ይላሉ፤ ሌላው ሰው ግን ልብም አይለው።

ድምፁ የሚመጣው ከሱስ በወጡ ወጣቶች ጆሮ ጀርባ ከምትተከል፣ የምስር ፍሬ ከምታክል «አለሁ ባይ» ከምትባል መሣሪያ ነው። ሐራራ፣ ማለትም የሱስ ጥሪ፣ በሰውነት ውስጥ ገና ሲነሳ ታውቀዋለች። ወዲያው ልጁ በሚወደው ሰው ድምፅ «አለሁ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ድምፁን ያዋሰው ዘመድ ደግሞ የእጁ አንጓ ላይ ዶቃ ያስራል። ዶቃዋ አረንጓዴ ከሆነች ልጁ ደህና ነው ማለት ነው። ቀልታ ያያት ሰው ግን እምብዛም የለም።

ትርሲት የአለሁ ባይ ማዕከል ቴክኒሻን ናት። የዛሬ ሥራዋ ቀላል ነበር፤ ድምፆቹን ሁሉ የያዘውን አሮጌውን «አንጎል» (ዋናውን ኮምፒውተር እንዲህ ነው የሚጠሩት) አጥፍታ በአዲሱ መተካት። አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ቢፈጅ ነው። ሽፋኑን ስታነሳው የዓመታት አቧራ ቡን ብሎ ልብሷን ሸፈነውና አስነጠሳት።

«ይማርሽ!» አሉ የፈረቃው ኃላፊ ጋሽ ፍስሐ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

«ያኑርዎት ጋሼ። ላጥፋው?»

«አጥፊው እንጂ። ልጆቹ ሱሱን ከተዉት ስንት ዓመታቸው! ለትንሽ ደቂቃ ዝም ብትላቸው ምን ይሆናሉ?»

አጠፋችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ባለው የከተማው ካርታ፣ ለገሃር አካባቢ፣ የአንድ ልጅ ነጥብ ቀላች። ቀጥሎ ሳቢያን። ወዲያው ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ካርታው ቀይ በቀይ ሆነ።

«ዕፅ የበተነባቸው አለ!» ጋሽ ፍስሐ ወንበራቸውን ገልብጠው ተነሱ። «ደማቸውን እዪው እስቲ!»

ልኬቱ የሚመጣው ከየወጣቱ ጆሮ ስለሆነ አንጎሉ ቢጠፋም ይነበባል። ትርሲት አነበበችው። ጫት የለም። አልኮል የለም። ኪኒን የለም። ደማቸው ንጹሕ ነው፤ ሐራራው ግን ከመቼውም በላይ ነው።

«ታዲያ ምኑን ነው የሚፈልጉት?»

ትርሲት ልኬቱን ደግማ አየችው። «ድምፁን ነው ጋሼ። ሱስ የሆነችባቸው ራሷ አለሁ ባይ ናት።»

አዲሱን አንጎል አበራችው፤ ድምፆቹን አልቀበልም አለ። አሮጌውን መልሳ ሞከረች፤ አልነሳም አለ። እጇ እየተንቀጠቀጠ አንጓዋን አየች። የእሷም ዶቃ ቀልታለች።

ዶቃዋ የታናሽ ወንድሟ የያፌት ናት። ያፌት የዛሬ ሦስት ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ውሎ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብለው መጠጥ ሲጀምሩ ኪኒን ቀላቀለበት። ልቡ ቆሞ በስንት መከራ ተመለሰ። ሐኪሙ «ሁለተኛ ከቀመሰ አይመለስም» ብሎ ነበር። ትርሲት ድምፅዋን ያዋሰችው ያን ጊዜ ነው።

«ሂጂ!» አሉ ጋሽ ፍስሐ። «ይህን እኔ እታገለዋለሁ።»

ሾፌር አልባው ባጃጅ እየበረረ እንኳ የሚንፏቀቅ መሰላት። መንገድ ዳር አንዲት ልጅ ጆሮዋን በቡጢ እየመታች «እማዬ፣ አናግሪኝ! እማዬ!» ትላለች። ትርሲት ማየት አቅቷት ፊቷን አዞረች። ያፌት ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄደችው መቼ ነበር? ጥምቀት ሰሞን። የዘንድሮው ሳይሆን ያለፈው ዓመት። በባጃጅ ከጥቂት ደቂቃ የማታልፍ መንገድ ናት። «ዶቃዋ አረንጓዴ ነበረች እኮ» አለች ለራሷ።

በሩ አልተቆለፈም። ያፌት ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንድ ጠርሙስ አረቄና በፌስታል የተቋጠረ ኪኒን አለ። ገና አልነካቸውም።

«ያፌት! ምን ልትሠራ ነው?»

«ጠፋችብኝ» አለ፣ ሳያያት። «ሐራራ ሲነሳ ነው የምትመጣው። ስትናፍቀኝ ሆን ብዬ ጠርሙስ እያሰብኩ እቀሰቅሰው ነበር፣ ትመጣልኝ ነበር። ዛሬ ማሰቡ አልበቃትም። ከቀመስኩ ግን ትመጣለች።»

ትርሲት ወደ እሱ ተጠጋች። ከሞት እንዲጠብቀው የሰጠችው ድምፅ ወደ ሞት እየጎተተው ነው፤ ድምፁ ደግሞ የራሷ ነው።

«ይኸው መጣሁ። አለሁ፣ አይዞህ።»

«አቦ ዝም በይ! ከመጣች እንዳታመልጠኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ! ትርሲት ነኝ!»

«እሷ አታለከልክም። አትጮህም። አንቺን አላውቅሽም።» ይህን ያለው ተረጋግቶ ነው፤ ከሁሉም ያስፈራት መረጋጋቱ ነበር። ኪኒኑን በመዳፉ አፍስሶ ጠርሙሱን ከፈተ።

ዘላ ተጠመጠመችበት። እሱ ጉልበተኛ ነው፤ እየገፈተራት ኪኒኑን ወደ አፉ አስጠጋ። በትግሉ መሃል የአሮጌው አንጎል አቧራ ከልብሷ ላይ ቡን አለ። የያፌት ፊት ተጨማደደና በኃይል አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አለች ትርሲት።

አስባው አይደለም። እናታቸው ማስነጠስን በዝምታ አታሳልፍም ነበር፤ ተቆጥታ እየገረፈቻቸውም ቢሆን ይማርህ ትል ነበር።

የያፌት እጅ ቆመ። «ያኑርሽ» አለ፣ እሱም ሳያስበው። ቆይቶ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ደጋግሞ አየው።

«እሷ ይማርህ ብላኝ አታውቅም» አለ። «የምትሰማው ሐራራዬን ብቻ ነው።» ወደ ፊቷ ጠጋ አለ። «ትርሲትዬ፣ ከስተሻል እኮ።»

ኪኒኑ ከመዳፉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ትርሲት ጠርሙሱን ተቀብላ ደፋችውና ወንድሟን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ብዙም ሳይቆይ አንጓዋ ላይ ዶቃዋ ነዘረች። ጋሽ ፍስሐ ተሳክቶላቸዋል። ውጭ ሰፈሩ ውስጥ ሲሰማ የነበረው ጩኸት ባንዴ ጸጥ አለ። የያፌት አንገት ቀስ እያለ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀመረ፤ ዓይኖቹ ተከደኑ። ትርሲት ከእቅፏ የሚወሰድባት መስሏት በፍርሃት ልብሱን ጨመደደችው።

ያፌት ግን እንደምንም እጁን አነሳና ጆሮውን በመዳፉ ከደነው።

«ምን አለችህ?»

«አለሁ አለችኝ።»

ዶቃዋ አረንጓዴ ሆናለች። ደህና ነው። ተመስገን፣ ደህና ነው። ትርሲት በረጅሙ ተነፈሰች፤ የእጇም መንቀጥቀጥ ቆመ፤ ሰውነቷን ደስ የሚል ሙቀት ወረራት። ቀለሙን አየችው፤ አሁንም አየችው።

«ትርሲት» አላት ያፌት፣ ጆሮውን እንደከደነ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኗ ተተክሎ በቀረበት አንጓዋና በፊቷ መካከል ፊቱን እያስገባ። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ።»