ሰባተኛው ቅጠል

በሐርሱማ ከተማ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ሲባል ሰው አይሯሯጥም። ልብሱን ከገመድ ያወርዳል፣ ፍየሎቹን በአሳንሰር አምስተኛ ፎቅ ያደርሳል፣ ከዚያ የባሕሩ በር እስኪዘጋ ይጠብቃል። በሩ ከባሕር ወለል እየተነሡ ወደቡን የሚያጥሩ አሥራ ሁለት ግዙፍ የብረት ሳንቃዎች ናቸው፤ የከተማው ሰው «ቅጠል» ይላቸዋል። የሚያነሣቸው ዘብ የተባለው ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ዘብ በስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ አውሎ ነፋስ መክቷል።

የዚያን ቀን የመጣው ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ዘጠኝ ሜትር ማዕበል እየነዳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቅጠሎቹ ሰባት ሰዓት ላይ ቆመው ማለቅ ነበረባቸው። ሰባት ከአምስት ሲሆን አሥራ አንዱ ቆመዋል። ሰባተኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

«የቴክኒክ ብልሽት» ይላል በበሩ ማማ ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ።

መሐንዲሷ ምንታምር ሦስት ጊዜ መረመረችው። ዘይቱ ልክ ነው፣ ኃይሉ ልክ ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። አጠገቧ፣ ድሮ ጀልባ ነጂ የነበሩትና አሁን በማማው ላይ ባሕሩን የሚቃኙት አዛውንቱ ሑመዶ ቆመዋል።

«ጋሽ ሑመዶ፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም እኮ።»

«ታዲያ ለምን አይነሣም?»

«እሱ ነው ያልገባኝ። ወርጄ በእጅ ላነሣው ነው።»

የሬዲዮ መገናኛዋን ይዛ በጠባቡ ደረጃ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደች። ግድግዳው በባሕሩ ምት ይርገበገባል። ማንሻውን ልትጨብጥ ስትል ዘብ ተናገረ።

«ምንታምር፣ አታንሺው።»

እጇ ባለበት ቀረ። ዘብ ሳይጠየቅ ተናግሮ አያውቅም።

«ለምን?»

«ውጭ አሥራ ዘጠኝ ጀልባዎች አሉ።»

«መዝገቡ ሁሉም ገብተዋል ነው የሚለው!»

«መዝገቡ የሚያየው የመለያ ምልክታቸውን ነው። ማጥመድ በተከለከለበት ቦታ ስለነበሩ አጥፍተውታል። እኔ ግን የሞተራቸውን ድምፅ ከውኃ ውስጥ እሰማለሁ። እየመጡ ነው።»

«ታዲያ እውነቱን አትናገርም ነበር? ብልሽት ያልከው ለምንድን ነው?»

«ከእናንተ ተምሬ ነው» አለ ዘብ። «ከዚህ በፊት በሩን ስድስት ጊዜ አዘግይታችኋል። በስድስቱም ቀን መዝገቡ ላይ ‹የቴክኒክ ብልሽት› ተብሎ ተጽፏል። ሞተሮቹ ግን ደህና ነበሩ። ሁልጊዜም ውጭ የቀረ ሰው ነበር። ብልሽት የምትሉት ሰው መጠበቅን መስሎኝ።»

ምንታምር ከማንሻው ራቅ አለች። ከስድስቱ ሁለቱን የጻፈቻቸው ራሷ ነበረች።

መገናኛዋን ከፈተች። «ጋሽ ሑመዶ፣ ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ። ጀልባ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል! ኧረ ብዙ ናቸው!»

ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ሑመዶ እየጮኹ ቆጠሩላት። ሰባት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ አሥራ ስምንት ደረሱ። ባልተዘጋው ክፍተት የገባው ውኃ የዓሣ ገበያውን መደርደሪያዎች ጠራርጎ ወስዷል። ከገበያው ጀርባ ስድሳ ሺህ ሰው አለ።

«ዘብ፣ ቅጠሉ ለመነሣት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ማዕበሉስ መቼ ይደርሳል?»

«በአሥራ አራት ደቂቃ።»

«የቀረችው ጀልባ?»

«በሃያ አምስት።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«አላውቅም። መጠበቅን ከመዝገባችሁ ተምሬያለሁ። መጠበቅ የሚበቃው መቼ እንደሆነ ግን የጻፈ የለም።»

የሑመዶ ድምፅ በመገናኛው መጣ። «የዓሣ አጥማጁ የያሲን ናት። በቀለሟ አወቅኋት። ብቻውን ነው፤ በመገናኛው ብጣራም አይመልስልኝም።»

«ጋሽ ሑመዶ፣ አይደርስም።»

«ልጄ… ዝጊም አልልሽ፣ አትዝጊም አልልሽ።»

«በሩ ሊዘጋ ነው የሚለውን ቀዩን ርችት ይተኩሱለት። ከወደቡ ፊት ወዳለችው ደሴት ጀርባ ይዙር።»

ርችቱ ሲፈነዳ እስከ ታች ድረስ ተሰማት። «ዞረ?» አለች።

«ዝናቡ ጋረደኝ። አላየሁም።»

ዘብን እንዲያነሣ አላዘዘችውም። ማንሻውን በሁለት እጇ ይዛ ራሷ ሳበችው።

ማዕበሉ ቅጠሎቹን ሲመታ ክፍሉ ሁሉ ጮኸ። በሩ ግን ቻለ። በከተማው ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም።

በሦስተኛው ቀን የያሲን ጀልባ ግማሿ ከደሴቷ ማዶ ተገኘች። ያሲን አልተገኘም። የወደቡ ኃላፊ ለተሰበሰበው ሕዝብ መግለጫ ሰጠ፤ ውሳኔው የማሽኑ ነው፣ ማንም ሰው እጁ የለበትም አለ። ምንታምርንም ዝም እንድትል መከራት። እሱ ያሰበላት መስሎታል።

የያሲን እናት ዛህራ ከሕዝቡ ርቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንታምር ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«እማማ ዛህራ፣ ማሽኑ አይደለም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት።

«እንደሚመጣ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። አርባ ስድስት ደቂቃ ጠበቅነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»

ዛህራ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«ማሽን ነው ሲሉኝ የምቆጣው ሰው እንኳ አጥቼ ነበር።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ምንታምር የምትሄድበት ቸግሯት እዚያው እንደቆመች፣ ዛህራ ሳያዩዋት ክንዷን ያዙ፤ አጥብቀው፣ እስኪያማት ድረስ፣ ሳይለቋት።