በትኩስ የጠፋው ሞተር

መርሴዲሱ ከክሪኩ ላይ ወርዶ የባለ ጋራዡ የመኳንንት ደረት ላይ ተኝቷል። ከሟቹ የሚታዩት ረጃጅም እግሮቹ ብቻ ናቸው። መርማሪዋ መቶ አለቃ ጽጌማርያም ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ወዳለው ጋራዥ ስትደርስ፣ ሬሳው ገና ሳይነሳ ገዳዩ ተይዟል ተባለች። አልወደደችውም። እሷ ሳትጠይቅ የተመለሰ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳታል።

የተያዘው መካኒኩ ፈጠነ ነው፤ እንደ ሟቹ መለሎ የሆነ ወጣት፣ የፊጥኝ ታስሮ አፈር ላይ ተቀምጧል።

«አሻጥር ነው!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምሐ፣ በአጭር ቁመቱ እየተንጠራራ። «ክሪኩን አላልቶ ወደ ቤንዚን ወረፋ ሄደ። ለከፍተኛው ደውያለሁ፤ አሁን መጥተው ይወስዱታል።»

በዚያ በሰባ ሰባቱ የድርቅ ዓመት «አሻጥረኛ» ተብሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። ጽጌማርያም ሰዓቷን አየች።

«መኪናው የእርስዎ ነው አሉኝ። ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ ከተገጠመለት ወዲህ ነድተውታል?»

«ምን ጊዜ አግኝቼ! ትናንት ነው የተገጠመው። ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ስመራ ነበር።»

መርሴዲሱ ተነስቶ ሬሳው ሲወጣ ማጅራቱ ተፈንክቷል። መኪናው የወደቀበት ግን ደረቱ ላይ ነው። ከዚያ ጽጌማርያም መሪው ጋ ልትቀመጥ ሞከረች፤ ወንበሩ ወደ ፊት ተስቦ ጉልበቷ አልገባ አላት።

የሟቹ ሚስት ተሻለች ነጠላዋን አሸርጣ ደረቷን ትደቃለች። «ፈጠነ ነው የገደለብኝ! ክሪክ ከሱ ሌላ ማን ይነካል? እንደ ልጄ ባበላሁት!»

«እትዬ ተሻለች፣ ጠዋት ባለቤትዎ ምን አሉ?»

«ተናዶ ነበር። ይህ ቱርቦ እርዳታ እህል ከጫነ መኪና ላይ የተፈታ ነው አለ፤ ቁጥሩን አይቶ። ‹መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ሕፃን ይሞታል፤ አውልቄ እመልሰዋለሁ› አለ።»

«ማን ነው ያመጣለት?»

«እንጃ። ቱርቦ የሚያመጣለትስ የመለዋወጫ ነጋዴው ሀያቱ ነው።»

ሀያቱ ወዲያው ቱርቦ ባስገጠመለት ኦፔሉ ደረሰ። ከመሪው ጋር የሚታገል ቦርጭ አለው፤ ዓይኑ በእንባ ቀልቷል። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ግን አላጠፋም፤ ጽጌማርያም ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም።

«ምነው ቤንዚን እንዲህ ረከሰ?» አለችው።

«ይተንፍስ ብዬ ነው፣ መቶ አለቃ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከተጋለበ በኋላ ወዲያው ካጠፉት ዘይቱ እውስጡ አርሮ ማራገቢያውን ያጣብቀዋል። ጋሽ መኳንንት በትኩስ ያጠፋ ሰው ሲያይ ያብድ ነበር። እዚህ ጋራዥ ከሚስቱ ጀምሮ ይህን የማያውቅ የለም።»

ክንዱን ይዛ ወደ መርሴዲሱ ወሰደችው። ሀያቱ የቱርቦውን ማራገቢያ በጣቱ ገፋ፤ አልዞር አለ።

«ያ ረቢ! በትኩስ አጥፍተውታል! ይሄ ደግሞ የኔ አይደለም። እኔ ከተገለበጠ መኪና እንጂ ከሚሄድ ላይ አላስፈታም።»

ጽጌማርያም ሁሉንም ደጁ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ ወደ አምሐ ዞራ ፈገግ አለች። «ጓድ፣ ይህ ቱርቦ የሚሉት ጉልበት ምን እንደሆነ በሀያቱ መኪና ያሳዩኝ።»

አምሐ ፍጥነት ይወዳል። ጽጌማርያምን ጎኑ አስቀምጦ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ፣ ወደ ሳንሱሲ የሚያወጣውን ዳገት እያስጓራ ወጥቶ ተመለሰ። ከደጁ ሲደርስ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«አያጥፉት!»

ሀያቱ ጮኸ፣ ተሻለች ጮኸች፣ እጁ የታሰረው ፈጠነ ሳይቀር ከመሬት ብድግ ብሎ ጮኸ። አምሐ ግን አጥፍቶት ነበር።

«ጋሽ መኳንንትም በሕይወት ቢኖሩ ይጮኹ ነበር» አለች ጽጌማርያም ከመኪናው እየወረደች። «መርሴዲሱ በትኩስ ጠፍቷል። ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር እሳቸው መጮኽ አይችሉም ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ በእግሩ ሄዶ መኪና ሥር አይተኛም። በመርሴዲሱ ወጥተው መንገድ ላይ ማጅራታቸውን ተመቱ፤ እዚህ መጥተው መኪናው ሥር ተጎተቱና ክሪኩ ተለቀቀባቸው። የነዳው ማነው? ፈጠነ እዚያ ወንበር ውስጥ አይታጠፍም፤ ሀያቱ በቦርጩ አይገባም፤ ሁለቱም በትኩስ አያጠፉም። ቱርቦው ቢመለስ ማን እንደፈታው የሚጠየቀው ባለ መኪናው ነው።»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ!» አለ አምሐ፤ እጁ ወደ ሽጉጡ ወረደ። «ሕዝቡ ይመስክር!»

የፈጠነን ገመድ የያዘው ሽማግሌው የቀበሌ ጠባቂ ተክለሃይማኖት ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ ስብሰባውን ከፍተውልን ወጡ እኮ። እስኪመለሱ መፈክር ሳስጮህ ድምፄ የተዘጋው እኔ ነኝ።»

ጽጌማርያም እጇን ዘርግታ ሽጉጡን ተቀበለችው። የከፍተኛው መኪና በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ።

«የሚሄደው ሰው ተቀይሯል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። እዚያ ሲደርሱ እሷን ይስሟት አይስሟት አታውቅም፤ አምሐን ግን ከፊቷ አስቀድማ ወጣች።

ተክለሃይማኖት ገመዱን ፈታ። ፈጠነ የደማ እጁን እያሻሸ ወደ ተሻለች ቀረበ። እሷ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«እቴቴ፣ ጋሼን ልሸከም ይፈቀድልኛል?» አላት።

ተሻለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። «ገደለው ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ ከፊት ሆነህ ተሸከመው» አለችው።