ውዳሴ ያረመችው መደብ

«አበባው የት ሄደ?» አለች የጎረቤት ልጅ ሃያት፣ አንገቷን በአጥሩ ቀዳዳ አስግጋ።

ውዳሴ ቀና አለች። ጉልበቷም ጥፍሯም ጭቃ ነው፤ ፊቷ ግን በኩራት ያበራል። «ያው እዚሁ ነዋ! አርሜ ጨረስኩ። እንዴት ፏ እንዳለ እይው እስቲ።»

መደቡ በእርግጥም ፏ ብሏል። ከዳር እስከ ዳር ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ እኩል የቆመ ነገር ሞልቶታል። ሃያት ትኩር ብላ አየችው።

«አንች፣ ይሄ እኮ ሳር ነው።»

ውዳሴ ማረም የተማረችው ደምበጫ አጠገብ፣ በአጎቷ በላቀው የጤፍ ማሳ ላይ ነው። የጤፍ አረም ሕጉ አጭር ነው፤ ቀጭኑ ይቆያል፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ሁሉ ይነቀላል። አምና አጎቷ በሰው ፊት «የዚች ልጅ እጅ ወርቅ ነው» ብሎላታል። ስለዚህ እናቷ ወደ ቡሬ ስትነሣ «አያትሽ ሲመጡ ንጹሕ ሆኖ እንዲያዩት፣ የአበባውን መደብ አርሚልኝ» ስትላት፣ ወርቅ እጅ ያላት ልጅ ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀችም። ክብ ቅጠል ያላቸውን ቡቃያዎች፣ ሥራቸው እንዳይቀር እየተጠነቀቀች፣ አንድ በአንድ ነቀለች። ሳሩን አክብራ አቆመችው።

«የነቀልሽውስ?»

ሁለቱም ወደ በጓ ዞሩ። በጓ ታመነዥካለች።

ውዳሴ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። አያቷ እመይቴ አቻምየለሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት የቡሬ ግቢ፣ ለመንገድ ማስፋፊያ ተብሎ ከነአጥሩ ፈርሷል። አጥሩን ተደግፎ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም፣ ከግንዱ ሥር እስከ ጫፉ ደረጃ በደረጃ የሚያብብ አበባ ነበረበት። ሃያት በስልኳ ፈልጋ «ሆሊሆክ ይባላል» ብላቸው ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ስሙ የሳል ሽሮፕ መሰለውና «የአጥሩ አበባ» ማለቱን ቀጠለ። አያቷ ከዚያ ወዲህ በኪራይ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከረሙ። ምግብም ወሬም ቀነሱ። ፍኖተ ሰላም ልጅዎ ጋ ይምጡ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ እሺ ያሉት እናቷ «አበባዎን ዘርቼዋለሁ፤ በቅሎ ይጠብቅዎታል» ባለቻቸው ዕለት ነው።

የሚመጡት ደግሞ ነገ ነው።

«እማ ትገድለኛለች።»

«እማሽን ተያት። ችግሩ አያትሽ ናቸው። ባዶ መደብ ካዩ በመጡበት ባጃጅ ነው የሚመለሱት።» ሃያት ትንሽ አሰበች። «አቦ አትጨናነቂ። ተከተይኝ።»

ከቤታቸው በስተጀርባ ባለው ቦይ ዳር፣ ማንም ያልተከለው ክብ ቅጠል ሞልቷል። ሃያት አንዱን ከነአፈሩ አነሣችው። «ይኸው! ክብ ነው፤ ጠርዙም የተሸራረፈ። ቁርጥ እሱን።»

«አይመሳሰሉም።»

«ለሚኒስትሪ የተነሣሽው ፎቶ ካንች ጋር ከሚመሳሰለው በላይ ይመሳሰላሉ። ፈታኙ ምን አለሽ? ምንም።»

ሳሩን ነቅለው አረሙን ተከሉ። ማታ የጣለው ዝናብ በደንብ አስያዘላቸው።

በማግሥቱ እመይቴ አቻምየለሽ ከባጃጅ ወርደው ዕቃቸው ሳይወርድ፣ ቤት ሳይገቡ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መደቡ ሄዱ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቅጠሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጠፋህ ብዬ ነበር እኮ» አሉት ለአረሙ። «አለህ ለካ።»

ያን ቀን የቀረበላቸውን ሁሉ በልተው ጨረሱ፤ ስለ ቡሬ ጎረቤቶቻቸውም ሲያወሩ አመሹ። እናቷ በሹክሹክታ «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ውዳሴ ተነሥታ ለአያቷ ውኃ ቀዳች።

ከዚያ በኋላ አያቷ በየጠዋቱ የፊታቸውን መታጠቢያ ውኃ አረሙን ያጠጡ ጀመር። እያጠጡም ያወሩታል። አንድ ቀን ውዳሴን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው፤ የሚያብበው ለከርሞ ነው። ያኔ ካንችም ቁመት ይበልጣል። እሱን ሳላይ የትም አልሄድም።»

ሃያት ይህን ስትሰማ አጨበጨበች። «አየሽ? ዓመት ሙሉ ጊዜ አለን! እስከዚያ ስንቱ ይፈጠራል።»

አረሙ ግን ይህን ስምምነት አልሰማም። መስከረም ሲጠባ በየቅጠሉ ብብት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጣ ያለች አበባ ያወጣ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ማበብ አልነበረበትም። ውዳሴ አያቷ ከመነሣታቸው በፊት እየወጣች አበቦቹን ትለቅምና ኪሷ ትከታለች። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባው እናቷ፣ ለጎረቤት «ዘጠነኛ ክፍል ልጄን ለወጣት፤ ሳልቀሰቅሳት ትነሣለች» እያለች ታወራለች። የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጡ አረንጓዴ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ አያቷ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አወጡ።

«ይቺ የቀረችኝ ዘር ናት። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር የያዝኳት። እዚህ ከያዘልኝ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች? የሃያት አባት ነገ ቡሬ ይሄድ የለ? ለእማሆይ እህተ ማርያም ያድርስልኝ። የእሳቸውም አጥር ከእኔው ጋር ነው የፈረሰ።»

ቋጠሮው ክብደት የለውም። ውዳሴ ግን በሁለት እጇ ይዛው ወደ ሃያት ቤት ሄደች።

ሃያት ነገሩን ስትሰማ ብድግ አለች። «ተገላገልሽ! ግማሹን አስቀሪ። በድብቅ እንዘራለን፣ ሲበቅል አረሙን እናወጣለን፣ በቃ ፋይሉ ተዘጋ።»

«ለእማሆይስ?»

«መነኩሲት አይደሉ? ትንሽ ይበቃቸዋል።»

ውዳሴ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «ሃያት፣ የመጨረሻ ዘራቸውን እኮ ነው የሰጡኝ። ያን አረም ስለዳሰሱ።»

«እና ልትነግሪያቸው ነው?» የሃያት ድምፅ ለስለስ አለ። «ሰውዬዋ ገና መብላት መጀመራቸው ነው። ነግረሻቸው ተመልሰው ወደ ግድግዳ ቢዞሩስ?»

ውዳሴን እንቅልፍ የነሣትም ይኸው ነበር። ቋጠሮውን ጨበጠችው። «አባትሽ መቼ ነው የሚነሣ?»

«ፀሐይ እንደወጣች።»

«ከዚያ በፊት እመጣለሁ።»

«ሙሉውን ይዘሽ ወይስ ግማሹን?»

ውዳሴ ቋጠሮውን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ መደቡ ጋ ቆመች። አረሙ ከሌላው ቀን ሁሉ በላይ አብቧል፤ የሚደብቀው ነገር እንደሌለው ሰው። ልማዷ ሆኖ እጇን ወደ መጀመሪያዋ አበባ ዘረጋች። በሌላው እጇ ቋጠሮውን ይዛለች፤ እንደታሰረ ነው።

እጇን መለሰች።

የአያቷን መቀመጫ ድንጋይ ጤዛ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከቤት ውስጥ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ በሩ፤ ከዚያ ምርኩዙ። ከሃያት ቤት በኩል የአባቷ አይሱዙ ለጉዞ ሞተሩን ያሞቃል።

«ማነው እዚያ?»

«እኔ ነኝ፣ እምየ። ይቀመጡ እስቲ።»

«ምነው በደህና? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«እጅዎን ይስጡኝ» አለች ውዳሴ። የአያቷን ጣት በቀስታ ይዛ ከቅጠሉ አሳለፈችና፣ ከሥሩ የተደበቀችው ትንሽ አበባ ላይ አሳረፈችው።